ከፈረሰኛው በፊት የቆመች ልጅ

ጥቅምት 8

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው አባትሽ ነው። ይህን በቅድሚያ ላስቀምጥና ሰላምታዬን ላስከትል።

የወንድሜ ልጅ፣ ጤናሽ የተሟላ፣ ቤትሽ ሰላም የሞላበት ይሁን። በደህና ወጥተሽ በደህና ግቢ። እኔ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ከመኮሳተሩ በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ማንም አላነበበልኝም፤ ራሴ ነኝ ያነበብኩት። ይህን የምነግርሽ ፊደሌ እንዲህ ተልቆና ተጣሞ ስታዪው እንዳትስቂ ነው። ማንበብ የተማርኩት ፀጉሬ ከነጣ በኋላ ነው። ጡረታ የወጣች ነርስ በሠፈራችን አዳራሽ ለእኔና ለመሰሎቼ ከሥራ መልስ ታስተምረን ነበር። ሴትዮዋ ስትቆጣ መርፌ ልትወጋን የመጣች ስለሚመስለን ቶሎ ቶሎ ተማርን።

የጠየቅሽኝ በደንብ ገብቶኝ እንደሆነ ልድገመው። ካርታና የከተማ መምሪያ መጽሐፍ የሚያሳትም ድርጅት ውስጥ ትሠሪያለሽ። አለቆችሽ በየከተማው አደባባይ ከቆሙት ሐውልቶች ቀደምቶቹን የሚያሳይ መጽሐፍ ሊያወጡ ነው። አባትሽ የተወለደባት ናት ብለው ይህችን ከተማ ለአንቺ ሰጡሽ። አንቺ ደግሞ ከተማዋንም እኔንም በዓይንሽ አይተሽ ስለማታውቂ ሁለታችንን አንድ ላይ አሰርሽና "እባክዎ አክስቴ፣ ዞር ዞር ብለው ይዩልኝ" አልሽ።

ዞር ዞር አልኩልሽ። መጀመሪያ ድልድዩ አጠገብ ወዳለው ፈረሰኛ ሄድኩ። የነሐስ ነው። በዕድሜ የሚቀድመው የለም ይላል ሰው ሁሉ፤ መቆሚያው ላይ የተተከለበት ዓመት ተቀርጿል። እሱም ይህን የሚያውቅ ይመስል አንገቱን ቀና አድርጓል። ርግቦቹ ግን ከነኩራቱ አልፈሩትም።

ቀጥዬ ወደ ድሮው ገበያ ወርጄ የውኃውን ዓምድ አየሁ። ድፍን ድንጋይ ነው፤ ድሮ በጎኑ ውኃ ይወርድ ነበር። አሁን ውኃው ደርቆ ዙሪያውን "ቤት ይከራያል" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። የተቀረጸ ጽሑፍ ካለ ብዬ ወረቀቱን ባነሣው ከሥሩ ሌላ ወረቀት አገኘሁ፤ ያንንም ባነሣው ሌላ። ተውኩት።

የቀረችው ከድሮው ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ያለችው ናት። ከድንጋይ የተጠረበች ልጅ ናት፤ መጽሐፍ ገልጣ ቆማለች። ሕዝቡ ተማሪዋ ይላታል። ዓመት አልተጻፈባትም፤ የሠሪዋም ስም የለም። እግሯ ሥር አንድ ሰዓት ጠጋኝ ጠረጴዛውን ዘርግቷል፤ የጥላውን ገመድ የሚያስረው ክርኗ ላይ ነው። አታፍርም ወይ ብዬ ብቆጣው፣ "እትዬ፣ በዚህ መንገድ ካሉት ጎረቤቶቼ አጉረምርማብኝ የማታውቅ እሷ ብቻ ናት" አለኝ።

ስለ ተማሪዋ አባትሽን ጠይቂው፤ የጠረባት እሱ ነው። ሲጠርባት ፊቱ የቆመችለት ልጅ ማን እንደሆነችም ጠይቂው። ለምን ተጠያቂ እንዳልኩት ማወቅ ካሻሽም እሱኑ ጠይቂው። እኔ አንድ ነገር ላስቸግርሽ፦ የማንበቢያ መነጽር ላኪልኝ። የኔው አንድ እግሩን በክር ነው ያሰርኩት።

አክስትሽ

ኅዳር 21

ውድ አክስቴ፣

ጉልበትዎና ደረጃው ይታረቁልኝ። ዘመንዎ ይርዘም። እኛ ደህና ነን፤ ብርዱ ገብቷል እንጂ ሌላ ችግር የለብንም።

ደብዳቤዎን ለአባቴ ሳነብለት የመጀመሪያውን መስመር አልደፈርኩትም። እሱን ዘልዬ ስለ ሐውልቶቹ ያለውን ብቻ አነበብኩለት፤ ይቅር ይበሉኝ። ከኔ ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ብዙም አይነሣም። መዶሻውና መሮው ግን ዛሬም ከወንበሩ ሥር ናቸው። ቤት ሳጸዳ ካነሣኋቸው ይቆጣል።

ተማሪዋን የጠረባት እሱ እንደሆነ ነገረኝ። ያኔ የአንድ ድንጋይ ጠራቢ ተለማማጅ እንደነበረ፣ ጌታው ሲታመምበት ሥራው በእጁ ላይ እንደቀረ አጫወተኝ። እስከ ዛሬ ይህን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ለምን ብለው፣ "ድንጋይ ነው፤ ስንቱን ድንጋይ ልቁጠርልሽ" አለኝ። የቆመችለት ልጅ ማን እንደነበረች ጠየቅሁት። "የሠፈር ልጅ ናት" አለና ብርድ ልብሱን እንዳቀብለው ጠየቀኝ።

ዓመቱን አያስታውስም። ስለዚህ፣ ዓመት የተቀረጸበትን ፈረሰኛ በረቂቄ ላይ አስቀድሜዋለሁ። ልቤ ግን ለተማሪዋ አዳልቷል። በአንድ የድሮ ፎቶግራፍ ላይ እንዳየሁት የመጽሐፉ ፊደላት የዞሩት ወደ እሷ ሳይሆን ወደ እኛ ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ይህች ልጅ ለራሷ አታነብም። መጽሐፏን ወደ አላፊ አግዳሚው አዙራ ንባብን ለከተማዋ ታበረክታለች።" አለቃዬ ይህችን ዓረፍተ ነገር በጣም ወደዳት፤ የመጽሐፉ መግቢያ ላይ ትውጣ ብሏል።

መነጽሩን ልኬያለሁ። ተማሪዋን ከቅርብ ፎቶ የሚያነሣልን ሰው ቢያገኙ ደስታዬ ነው።

የወንድምዎ ልጅ

ታኅሣሥ 19

የወንድሜ ልጅ፣

እጅሽ ይባረክ፤ የጀመርሽው ሁሉ ይቅናሽ። መነጽሩ ደረሰኝ። ለካ ጎረቤቴ እንዲህ አርጅታለች። እሷ ግን እኔን ድሮም ታየኝ ስለነበር አልደነገጠችም።

ፎቶውን ሰዓት ጠጋኙ በስልኩ አንሥቶልሻል፤ ከዚህ ጋር ታገኚዋለሽ። ሊያነሣ ሲያጎነብስ ግን ጉድ አየን። የተማሪዋ መቆሚያ ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ ምልክት ተደርጎበታል። ብናጣራ መንገዱ ሊሰፋ ነው። እሷን ነቅለው ከከተማው ዳር ወዳለው የማዘጋጃ ቤት ዕቃ ግቢ ይወስዷታል። ያን ግቢ አውቀዋለሁ፤ የተሰበረ የመብራት ምሰሶና አሮጌ ጎማ የሚከመርበት ነው። እዚያ የገባ ዕቃ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

ከሰዓት ጠጋኙ ጋር ከተማሪዋ ማዶ ወዳለው አዲሱ ማዘጋጃ ቤት ገባን። ጉዳዩ የሚመለከተው ክፍል ኃላፊ ወጣት ነው፤ ሰው አክባሪ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። በአደባባይ ከቆሙ የሰው ምስሎች የመጀመሪያው ከቦታው አይነቀልም የሚል ደንብ እንዳላቸው ነገረኝ። የመጀመሪያው ግን ፈረሰኛው ነው አለኝ። እኔም ተማሪዋ ስትጠረብ ፈረሰኛው አልነበረም፣ ቦታው ገና ጉድጓድ ነበር አልኩት።

"ይህን እንዴት አወቁ፣ እትዬ?" አለኝ።

"እዚያው ቆሜ ነበር።"

"ምን ሆነው?"

"እሷን ሆኜ።"

አልሳቀብኝም፤ ውለታውን አልክድም። ፊቴን አየ፤ ከዚያ በመስኮቱ አሻግሮ እሷን አየ። ሰዓት ጠጋኙ "አፍንጫዋን እይ እንጂ" ብሎ ሊያግዘኝ ሞከረ። የሷን አፍንጫ ግን ዝናብ በልቶታል፤ የኔን ደግሞ ዕድሜ አሳድጎታል። ኃላፊው በመጨረሻ፣ ሐውልቷን የሠራው ሰው በሕይወት ካለ እሱ በእጁ ጽፎ ያረጋግጥልን፣ የቆመችው እርስዎ ከሆኑ የእርስዎም ቃል ያኔ ይጸናል አለኝ። ቁፋሮው ዝናቡ ሳይገባ ይጀመራል።

አባትሽ "የሠፈር ልጅ ናት" ማለቱን ደጋግሜ አነበብኩት። አልተሳሳተም። የሠፈር ልጅ ነበርኩ። ቤቴ እዚያው ሠፈር ነበር፤ የሱም ቤት ነበር። የምንተኛው በአንድ ብርድ ልብስ ነበር፤ እሱ ወደ ራሱ ይጎትታል፣ እኔ ወደ ራሴ።

ስለ መጽሐፏ የጻፍሽው ያምራል። ግን ለጊዜው አታትሚው።

ከአንቺ መነጽርም ሆነ ሌላ ዕቃ አልፈልግም። የምፈልገው አባትሽ "የቆመችልኝ እህቴ ናት" ብሎ እንዲጽፍ ብቻ ነው። ይህን ካልጻፈ እሷ ከጎማዎቹ ጋር ትጣላለች፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ያልነበርኩበትን ስናገር የኖርኩ ቀባጣሪ ሆኜ እቀራለሁ።

አክስትሽ

የካቲት 27

ውድ አክስቴ፣

ፈጣሪ ብርታቱን ያብዛልዎ። መልሴ የዘገየው ረስቼዎት አይደለም። የምጽፈው ነገር ጠፍቶኝ ነው።

ጠየቅሁት። "አላስታውሳትም" አለኝ። ቆይቼ ብመለስበት "ስንት ልጅ አለፈ መሰለሽ" አለኝ። ደግሞ ብነካካው ምግቡን ትቶ ተነሣ። ሰዓት ጠጋኙ ያነሣትን ፎቶ አሳትሜ ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ፎቶዋን ዘቅዝቆ ይዞ ሲያይ አገኘሁት። ዓይኑ እየደከመ ነው ብዬ አቃንቼ ሰጠሁት። እንደገና ዘቀዘቃት። "አባዬ፣ ምንድን ነው የምታየው?" ብለው ፎቶዋን በደረቱ አስደገፋት።

እርስዎን ውሸታም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን እሱም አባቴ ነው፤ ሲዋሽ ይዤው አላውቅም። ጊዜው ረጅም ነው። ምናልባት ሲሠራ አጠገቡ ሆነው ያዩ ይሆናል፤ ከዘመን ብዛት ትዝታ ከትዝታ ይደባለቃል። አለቃዬ ረቂቁን ይፈልገዋል፤ ሌላ ማስረጃ ካልመጣ ፈረሰኛውን አስቀድሜ ላስረክብ ነው።

እባክዎ አይቀየሙኝ።

የወንድምዎ ልጅ

መጋቢት 10

የወንድሜ ልጅ፣

ጤና ይስጥሽ። ለዛሬ ሌላ ምርቃት የለኝም።

ትዝታ ከትዝታ ይደባለቃል ብለሻል። የኔ ከምን ጋር ይደባለቅ? እኔ ያለኝ ያ ወራት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው አንሶላ ነው። የሠራሁት በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። አንሶላው ላይ የየክፍሉ ስም ተጽፏል፤ እኔ ግን የምለየው በጠርዙ ክር ቀለም ነበር። አንድ ቀን ክሩን ሳይነግሩኝ ቀየሩት። የወላዶቹን አንሶላ ለቀዶ ጥገና፣ የቀዶ ጥገናውን ለሕፃናት ስሰድ ዋልኩ። አለቃዬ በሰው ፊት "ዓይን የለሽም?" አለችኝ። ዓይንስ ነበረኝ።

እንግዲህ ስሚኝ። ያን ዓመት በሠፈራችን የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። የምዝገባው ዕለት ፊቴን ታጥቤ፣ ቀሚሴን በእጄ እየተኮስኩ በራፍ ላይ ቁጭ ብያለሁ። አባትሽ መጣ። ጌታው አልጋ መያዙን፣ ለሐውልቱ ልትቆም የነበረችው ልጅ መቅረቷን ነገረኝ። "ለትንሽ ቀን ቁሚልኝ። ሲያልቅ እኔው ራሴ እጅሽን ይዤ አስመዘግብሻለሁ" አለኝ። ያኔ ጋሼ ነበር የምለው። ጋሼ አለ ማለት ሆነ ማለት ነበር። ቆምኩ።

መጽሐፉን ከጌታው ጠረጴዛ ላይ አንሥቶ ሰጠኝ። መጽሐፍ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው፤ እጄ ላይ እንዳረፈ ያዝኩት። ልብ በይ፣ አባትሽም ያኔ ፊደል አይለይም ነበር። ድንጋይ ላይ ጽሑፍ ሲቀርጽ ጌታው በቀለም የሳለለትን መስመር እየተከተለ ነው። ጌታው በሌለበት ዓይኑ ያየውን እንዳለ ወደ ድንጋዩ ገለበጠው፤ ቀሚሴን ከነስፌቱ፣ ጣቴን ከነጥፍሩ፣ መጽሐፉን ከነአያያዜ።

አሁን ገባሽ? ያች ልጅ ንባብን ለከተማዋ አላበረከተችም። የሌላትን ከየት አምጥታ? መጽሐፉን ዘቅዝቃ ነው የያዘችው።

ሐውልቷ የተመረቀች ዕለት አባትሽ አልነበረም። ጌታውን ለማሳከም አብሮት ባሕር ተሻግሯል። ሲሄድ "ስመለስ" አለኝ። አልተመለሰም። መጋረጃው ሲወርድ ከሕዝቡ ኋላ ቆሜ ነበር። የአዲሱ ትምህርት ቤት ልጆች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው መጡ። አንዷ ወደ ላይ አየችና "ዘቅዝቃዋለች" ብላ ሳቀች፤ ጓደኞቿም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። መጽሐፍ ላይና ታች እንዳለው አላውቅም ነበር። የሳቁ ነገር የገባኝ ነርሷ ካስተማረችኝ በኋላ ነው፤ ያን ዕለት ከአዳራሹ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ተማሪዋ ሄድኩና ከጀርባዋ ዞሬ በትከሻዋ ላይ አየሁ።

ትምህርት ቤቱ በር ብቻዬን ሄጄ ነበር። አስመዝጋቢ ይዘሽ ነይ አሉኝ። እናታችን አልጋ ላይ ናት። የኔ አስመዝጋቢ ባሕር ማዶ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የተማሪዋ ግራ ጆሮ ጫፉ ጎድሏል። እንዴት እንደጎደለ ከሱና ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ ለኃላፊው፣ ሰዓት ጠጋኙ ባለበት፣ ነግሬዋለሁ፤ እሱም ጽፎ ይዞታል። ለአንቺ አልነግርሽም። አባትሽን ጠይቂው፤ ቃሉ ከቃሌ ከገጠመ ነገሩ አበቃ። አላስታውስም ካለሽ ፈረሰኛሽን አስቀድሚ፤ እኔም ላስቸግርሽ አልጽፍም።

ይህን ምንም ሳትዘልዪ አንብቢለት። የመጀመሪያውንም ደብዳቤ ከነመጀመሪያ መስመሩ አንብቢለት።

አክስትሽ

ሚያዝያ 4

አክስቴ፣

ፈጣሪ ለእኔ ብሎ ያቆይዎ። ሌላ ምርቃት ሲያምረኝ የኔ አፍ ያንስብኛል።

ሁሉንም አነበብኩለት። "ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው አባትሽ ነው" የሚለው ላይ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ግን አቁሚ አላለኝም። አንሶላዎቹ ጋ ስደርስ ነው እጁን ያነሣው። ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁ። ቆይቶ "ቀጥዪ" አለኝ። ጆሮው ጋ ስደርስ ግን ያልጠበቅሁት ሆነ፤ ሳቀ። ከትከሻው ጀምሮ የሚንቀጠቀጥ፣ እኔ ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቅ ሳቅ ነው።

"አህያዋ" አለ። "አህያዋ ጉድጓድ ገባች።"

ከዚያ አንድ በአንድ ነገረኝ። እሱ ከሚጠርብበት ማዶ፣ ድልድዩ አጠገብ፣ ለፈረሰኛው መቆሚያ ጉድጓድ እየተቆፈረ ነበር። አሸዋ የጫነች አህያ ከነጭነቷ ገባች። ሠራተኞቹ በገመድ ቢጎትቷት እምቢ አለች፤ አለቃቸው ከኋላዋ ሆኖ ሊገፋ ወርዶ እሱም አብሯት ቀረ። እርስዎ አንገትዎን እንዳያዞሩ ታዘው ፊትዎ ወደዚያው ነበር፤ ሁሉንም ያያሉ። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶ ይጠርባል። እርስዎ ሳቅ ሲያመልጥዎ እሱ ደንግጦ ዞረ፤ መሮው አዳለጠውና የድንጋዩ ጆሮ ጫፍ በረረ።

"እሷ የራሷን ጆሮ ያዘች" አለኝ። "'ጋሼ፣ የኔን ነው የቆረጥከው?' አለችኝ።"

ሳቁ እንባ ሆነ። ትንሽ ከተረጋጋ በኋላ ለምን አላስታውሳትም እንዳለኝ ጠየቅሁት። "እሷን ካስታወስኩ በራፉን ማስታወሴ ነው፤ ቀሚሷን በእጇ እየተኮሰች ተቀምጣ" አለኝ። ወዲህ መጥቶ ፊደል መማር የጀመረ ዕለት መምህሩ መጽሐፉን ከእጁ ወስዶ አዙሮ መለሰለት። እሱም እንደ እርስዎ ዘቅዝቆ ነበር የያዘው። ያኔ ነው የገባው። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ሊጽፍልዎ ይነሣል፤ ወረቀቱ ፊት ይቀመጥና ይተዋል።

"ማን ያነብላታል?" አለኝ። "ይቅርታዬን ጎረቤት ጮክ ብሎ ያንብብላት? ማንበብ የከለከልኳትን ልጅ በደብዳቤ ይቅር በይኝ ልበላት?"

ምስክርነቱን ራሱ ጻፈው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ልጻፍልህ ብለው አሻፈረኝ አለ። ከዚህ ጋር አለ። የቆመችልኝ እህቴ ናት ይላል፤ ጉድጓዱም አህያዋም አሉበት። ስለ እኔ ደግሞ፣ ያችን የተወደደች ዓረፍተ ነገር ሰርዣታለሁ፤ ለአለቃዬም ምክንያቱን ነግሬዋለሁ። እርስዎን መጠራጠሬን ግን መሰረዣ አላገኘሁለትም። ይቅር ይበሉኝ።

አባቴ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብሏል። ጥሩ ጠራቢ ከተገኘ መጽሐፏን አቃንቶ አዲስ ገጽ ሊገጥምባት ይችላል ይላል። ይፈቅዳሉ?

የወንድምዎ ልጅ

ግንቦት 24

የወንድሜ ልጅ፣

ደስታሽ አይጉደል። የማይሰረዝ ያልሽውን እኔ ሰርዤልሻለሁ፤ አባቷን የምታምን ልጅ አትወቀስም።

ኃላፊው የአባትሽን ጽሑፍና የኔን ቃል ጎን ለጎን አድርጎ አነበበ። አህያዋ ከሁለቱም ወጣች። ገፊው አለቃ ሳይቀር ከሁለቱም ወጣ። ያኔ ያልሳቀው ልጅ አሁን ሳቀ። ፊርማውን አኖረና ተማሪዋ ካለችበት እንደማትነቃነቅ ነገረን፤ መንገዱ እሷ ጋ ሲደርስ ጠበብ ብሎ ያልፋል። ቀዩን ምልክት ሰዓት ጠጋኙ በቤንዚን ፈትጎ አጠፋው፤ ለሰዓት ማጽጃ የያዘውን በሙሉ ጨርሶ። ግን ሐዘን ላይ ነው። በደንቡ መሠረት የጥላውን ገመድ ከክርኗ እንዲፈታ ታዟል። "ጎረቤቴ ተሾመችና ረሳችኝ" እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል።

ለመጽሐፍሽ የሚሆነውን እንዲህ ጻፊ። ከሁሉ የሚቀድመው የውኃው ዓምድ ነው። ስቆም ውዬ ሲጠማኝ ከሱ እጠጣ ነበር፤ ያን ጊዜም የውኃ መውጫው ከንፈር በሰው እጅ ተበልቶ ልሟል። ቀጥላ ተማሪዋ። ከዚያ በኋላ ፈረሰኛው። ቅር ይለዋል ብለሽ አትስጊ፤ እሱ ድሮም የሚያየው ወደ ሌላ ነው።

መጽሐፏን ስለማቃናት ላነሣችሁት፣ አልፈቅድም። ያች ልጅ ማንበብ አትችልም ነበር። ብታቃኑት የምታነብ አስመስላችሁ ታቆሟታላችሁ፤ እስከ ዛሬ ያላጭበረበረች ልጅ በእርጅናዋ አታጭበርብር። የሚስቅ ይሳቅ። ኃላፊው መቆሚያዋ ላይ ምን ይቀረጽ ቢለኝ ይህን አልኩት፦ "ይህችን ልጅ የጠረባት ወንድሟ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱም ማንበብ አይችሉም ነበር።" ከሥሩ የሁለታችንም ስም ይግባ። ጽሑፉ ከመቀረጹ በፊት በቀለም ጽፈው ያሳዩኝ ብያለሁ። እንደ ድሮው አይሆንም።

ለወንድሜ ንገሪልኝ። ቂሜ ተጠርጎ ወጥቷል ብለው ውሸት ይሆንብኛል፤ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ነገር በአንድ ደብዳቤ ተነሥቶ አይሄድም። ግን እሱ ጆሮዬን መያዜን እስከ ዛሬ አልረሳም። እኔ ራሴ ረስቼው ነበር፤ ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ እጄ ሳላዝዘው ወደ ጆሮዬ ሄደ። በይ እንግዲህ፣ ይጻፍልኝ። ጎረቤት አያነብልኝም፤ መነጽር አለኝ። እጁ ከተንቀጠቀጠ ፊደሉን ያተልቀው፤ የኔም ትልቅ ነው።

ኃላፊው አንድ ልመና ነበረው። ጽሑፉ የሚገለጥ ዕለት ከተማሪዋ ጎን መጽሐፍ ገልጬ እንድቆም፣ አሁን አቃንቼ ይዤ ፎቶ እንድነሣ ፈለገ። በቅንነት ነው፤ ደስ ይላታል ብሎ ያሰበው እኔን ነው። እምቢ አልኩት። መምጣቱን እመጣለሁ። የሰዓት ጠጋኙን ወንበር ተውሼ እግሯ ሥር እቀመጣለሁ፤ የተቀረጸውን ራሴ አነበዋለሁ፤ ሲበቃኝ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። የቆመች ልጅ ማየት ለሚፈልግ እሷ እዚያው አለችለት። እኔ ግን ከእንግዲህ ለማንም አልቆምም።